በመቅደሱ ደጅ የቀረው ሰው፤ ስለ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናትና ስለ አካል ጉዳተኞች መግቢያ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ክቡራን አንባብያን ሆይ፤ ወንጌላዊው ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ በ3ኛው ምዕራፍ ከእናቱ ማኅፀን ጀምሮ እግሩ ሽባ ስለ ነበረ ሰው ይነግረናል። ሰዎች ይህን ሰው በየቀኑ ተሸክመው እያመጡ መልካም በሚባለው በመቅደሱ በር ያስቀምጡት ነበር። ቅዱስ ጴጥሮስና ቅዱስ ዮሐንስ በጸሎት ሰዓት ወደ መቅደስ ሲወጡ ምጽዋት ለመናቸው፤ እነርሱም ወርቅና ብር ባይኖራቸው በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አስነሡት። ታሪኩን ሁላችን እናውቀዋለን፤ በየዓመቱም ሲነበብ እንሰማዋለን። ነገር ግን ሳናስተውለው የምናልፈው አንድ ነገር በውስጡ አለ። ሰውየው በተፈወሰ ጊዜ መጀመሪያ ያደረገው ምን ነበር? ወደ ቤቱ አልሮጠም፤ ወደ ገበያም አልወረደም። ከሐዋርያት ጋር ወደ መቅደስ ገባ እንጂ።

ያን ጊዜ ዕድሜው ከአርባ ዓመት በላይ እንደ ነበረ በ4ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። ይህን ያህል ዘመን የኖረው ሰው የተመደበለት ስፍራ የደጁ ስፍራ ነበር። ተሸካሚዎቹ ደግ ሰዎች እንደ ነበሩ አንጠራጠርም፤ በየቀኑ ሰው መሸከም ቀላል ሥራ አይደለምና። ሆኖም የሚያደርሱት እስከ በሩ ድረስ ነበር። የምጽዋት ስፍራ አገኙለት፤ የጸሎት ስፍራ እንዳገኙለት ግን አልተጻፈም። እኛም በዚህ ትምህርት ልንመረምረው የምንወደው ይህንኑ ነው። አባቶቻችን የሠሯቸው የከበሩ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት በእጃችን ይገኛሉ፤ በእነርሱ ደጅ የሚቀሩ አካላቸው የተጎዳ ወንድሞችና እኅቶችም አሉን። ስለ ሁለቱ ምን ልናደርግ ይገባናል?

ይህን ጥያቄ ለራሳችን ያነሣነው ከመጽሐፍ ብቻ ተነሥተን አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የልደትን በዓል ለማክበር ወደ ቅዱስ ላሊበላ ሄደን ነበር። በበዓሉ ማግሥት ወደ ቤተ ጊዮርጊስ ስንሄድ አንድ እግሩ ከጕልበቱ በታች የተቆረጠ፣ ሁለት ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ በገደሉ አፋፍ ተቀምጦ አገኘን። ቤተ ጊዮርጊስ ከምድር በታች 12 ሜትር ያህል ጠልቆ የተፈለፈለ ስለ ሆነ፣ ወደ እርሱ የሚያደርሰው መንገድ በዓለቱ ውስጥ የተቆፈረ፣ ቍልቍለት የሆነና ጠባብ መተላለፊያ ነው። ሽማግሌው መስቀል ከተሳለመ በኋላ ከየት እንደ መጣ ጠየቅነው፤ ከጎጃም መምጣቱን ነገረን። እኛም ለማጽናናት ብለን፣ «እግዚአብሔር ልብን ያያል፤ ከዚህ ሆነው ቢሳለሙ በረከቱ አይጎድልብዎትም» አልነው። እርሱም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «አባታችን፣ ሰው ሁሉ ላሊበላ ኢየሩሳሌምን አቀረበልን ይላል፤ ለእኔ ግን ኢየሩሳሌም የራቀችው ከዚህ ላይ ነው» ሲል መለሰልን።

መልስ አልነበረንም። እርሱን ባርከን ወደ ታች ወረድን። ያልነው ቃል ሐሰት አልነበረም፤ እግዚአብሔር በእውነት ልብን ያያል። ነገር ግን እውነተኛውን ቃል ለስንፍናችን መሸፈኛ እንዳደረግነው ቆይተን ተረዳነው። አራት ጐልማሶች በአጠገባችን ቆመው ሳሉ «ልናወርድዎት እንችላለን፤ ይፈቅዳሉ?» ብሎ የጠየቀ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አልነበረምና።

1ኛ፤ ላሊበላ ለምን ተሠራ?

የሽማግሌውን ቃል ከታሪክ ጋር ስናስተያየው ሚዛን የሚደፋ ሆኖ እናገኘዋለን። በአባቶቻችን ትውፊት እንደ ተላለፈልን፣ ቅዱስ ላሊበላ እነዚያን 11 አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ያስፈለፈለበት አንደኛው ምክንያት ለኢትዮጵያውያን ምእመናን ሁለተኛይቱን ኢየሩሳሌም ለማዘጋጀት ነው። ወደ ኢየሩሳሌም የሚደረገው ጕዞ እጅግ ረጅም፣ በረሓውና ባሕሩም ሕይወት የሚያስከፍል ነበር። ስለዚህ በዚያ ስፍራ ወንዙ ዮርዳኖስ ተባለ፤ ጎልጎታም በስሟ ተጠራች። መሄድ ለማይችለው ሰው ቅድስቲቱ ከተማ ወደ እርሱ መጣችለት።

እንግዲህ ክቡራን አንባብያን ልብ በሉ። ይህ ደብር ከመሠረቱ የታሰበው ጉዞው ለሚከብዳቸው ሰዎች ነው። ሺህ ምዕራፍ መንገድ ያሳጠረው ንጉሥ፣ የመጨረሻዋ 12 ሜትር በሽማግሌ ላይ እንድትረዝም ይወዳል ብለን ልናስብ አንችልም። አካላቸው የተጎዳ ምእመናን ወደ ውስጥ የሚገቡበትን መንገድ መፈለግ በአሮጌው ሥራ ላይ እንግዳ ሐሳብ መጨመር አይደለም፤ የሠሪውን ሐሳብ መፈጸም ነው።

በዚያው ደብር በልደት ቀን የሚደረገው ሥርዓትም ይህን ይመሰክራል። ቤዛ ኵሉ በሚዘመርበት ጊዜ ካህናቱ በሁለት ይከፈላሉ። አንዱ ወገን በቤተ ማርያም ዙሪያ ማሜ ጋራ በሚባለው ከፍታ ላይ ይቆማል፤ ሌላው በታች በቅጽሩ ውስጥ ይቆማል። የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ከላይና ከታች ያሉት በአንድ ዝማሬ ይመላለሳሉ። አባቶቻችን አፋፉን ከበዓሉ ውጭ አላደረጉትም፤ የማኅበሩ አካል አደረጉት እንጂ። በዓመት አንድ ቀን የተደረገው ይህ ነገር በቀሩትም ቀናት ምን ልናደርግ እንደሚገባን ያስተምረናል።

2ኛ፤ ስለ ደብረ ዳሞ

አንድ አንባቢ «ደብረ ዳሞስ? አባቶች ራሳቸው መንገዱን አስቸጋሪ አላደረጉምን?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ አቡነ አረጋዊ ወደ ገዳማቸው ተራራ በዘንዶ ተደግፈው እንደ ወጡ በገድላቸው ይነገራል። ዛሬም ወደዚያ የሚወጣ ሰው 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ ተስቦ ይወጣል፤ ለሴቶችም አይፈቀድም። ደግሞም ንጉሡ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያኑን ባሠራ ጊዜ ዕቃ የሚመላለስበት መወጣጫ ተሠርቶ እንደ ነበረ፣ ሥራው ሲፈጸም ግን አቡነ አረጋዊ «ዳሕምሞ» ማለት «አፍርሰው» ብለው እንዳዘዙና የቦታው ስም ከዚህ ቃል እንደ ወጣ በትውፊት ይተረካል።

ይህ ታሪክ ለተከራካሪው የሚረዳ ይመስላል። በእኛ አስተያየት ግን ነገሩን የሚለይልን ነው። ደብረ ዳሞ ዓለምን ጥለው ለወጡ መነኰሳት የተለየ ስፍራ ነው፤ አስቸጋሪነቱ የዓላማው ክፍል ሆኖ በጤነኛውም በደካማውም ላይ በአንድነት ተደርጓል። ላሊበላ ግን የሕዝብ ጉባኤ ነው፤ በዓል ይከበርበታል፤ ሕፃናት ይጠመቁበታል፤ ሕዝብ ይቆርብበታል። ገዳሙን በገዳምነቱ እንተወው፤ የገዳሙን ገደል ግን ለሕዝብ ደብር ምክንያት አናድርገው። ይልቁንም ከዚህ ትውፊት አንድ ነገር እንማራለን፤ ተሠርቶ በኋላ ሊነሣ የሚችል መወጣጫ በአባቶቻችንም ዘመን የታወቀ ጥበብ ነበር።

3ኛ፤ ከብሉይ ኪዳን የሚነሣ ጥያቄ

ሌላው ደግሞ በዘሌዋውያን 21ኛ ምዕራፍ ነውር ያለበት የአሮን ዘር መሥዋዕት ሊያቀርብ እንዳይቀርብ መከልከሉን ያመጣል። ነገር ግን ቃሉን እስከ መጨረሻው ማንበብ ይገባል። የተከለከለው የማቅረብ አገልግሎት ነው፤ ያው ሰው ከቅዱሱም ከቅዱሰ ቅዱሳኑም እንጀራ እንዲበላ በዚያው ምዕራፍ ተፈቅዶለታል። የክህነት ሥርዓት ሌላ ነው፤ የምእመናን መግቢያ ሌላ ነው። ሁለቱን ማደባለቅ አይገባም።

በ2ኛ ሳሙኤል 5ኛ ምዕራፍም ዕውርና አንካሳ ወደ ቤት አይግቡ የሚል አባባል ተጠቅሶ ይገኛል። ይህ ኢያቡሳውያን በዳዊት ላይ ከተዘባበቱበት ነገር የተነሣ የወጣ የሕዝብ አባባል ነው እንጂ በሙሴ ሕግ የተሰጠ ትእዛዝ አይደለም። ዳዊት ራሱ ከአራት ምዕራፍ በኋላ ሁለት እግሩ ሽባ የነበረውን የዮናታንን ልጅ ሜምፊቦስቴን አስፈልጎ አስመጣው፤ ከንጉሡም ማዕድ ዘወትር እንዲበላ አደረገው። የዳዊት ልጅ የተባለው ጌታችን ደግሞ ሆሣዕና እየተባለ ወደ መቅደስ በገባባት ዕለት፣ ሻጮችንና ለዋጮችን ካስወጣ በኋላ፣ ዕውሮችና አንካሶች በመቅደስ ውስጥ ወደ እርሱ ቀረቡ። ይህ በማቴዎስ 21ኛ ምዕራፍ ተጽፏል። የወጡትንና የገቡትን ለዩ፤ የቤቱን ሥርዓት ከባለቤቱ እንማራለንና።

ይልቁንም እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ልንዘነጋ አይገባንም። የንግሥት ሕንደኬ ጃንደረባ ሊሰግድ ወደ ኢየሩሳሌም በሄደ ጊዜ በዘዳግም 23ኛ ምዕራፍ ከጉባኤው ከተለዩት ወገን ነበረ። በመንገድ ላይ ያነብበው የነበረው የኢሳይያስ መጽሐፍ ግን በ56ኛው ምዕራፍ በእግዚአብሔር ቤትና በቅጥሩ ውስጥ ለጃንደረቦች ስፍራና ስም እንደሚሰጥ ተስፋ ይሰጣል። ፊልጶስም ወደ ሠረገላው ወጥቶ አጠገቡ ተቀመጠ። የሀገራችን የመጀመሪያው ክርስቲያን በአካሉ ምክንያት ከደጅ የቀረ ሰው ነበር። ታሪካችን ከእርሱ የሚጀምር ሰዎች በደጅ የሚቀረውን ማለፍ አይሆንልንም።

4ኛ፤ ስለ ቅርስ መጠበቅ

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ለአንድ ሰው መግቢያ ብለን የጥንቱን ሥራ እናበላሸው ዘንድ ይገባናልን? አይገባንም። ይህን በግልጥ እንናገራለን። በማርቆስ ወንጌል 2ኛ ምዕራፍ አራቱ ሰዎች ሽባውን ለማውረድ ጣራ አፈረሱ፤ ጌታም ስለ ጣራው አልወቀሳቸውም፤ እምነታቸውን አየ እንጂ። ሆኖም ያ የመኖሪያ ቤት ጣራ በማግሥቱ ሊከደን የሚችል ነበር። የላሊበላ ዓለት ግን እንዲህ አይደለም። እነዚያ ሕንፃዎች ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተጭኖ የተሠሩ ሳይሆኑ ከላይ ወደ ታች ተፈልፍለው የወጡ ናቸው፤ ከዓለቱ አንዲት ቍራጭ ብትነሣ መመለሻ የላትም። ዓለቱም ዝናብና ፀሐይ የሚጎዱት ነው፤ ስለዚህም በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ የብረት መጠለያ ተሠርቷል። ስፍራው በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ስለ ተጻፈም አደራው የእኛ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ ሁለት አደራ አለብን፤ አንዱ የድንጋዩ፣ ሁለተኛው የሰውየው። አንዱን ይዞ ሌላውን መጣል ቀላል ነው፤ ሁለቱን በአንድነት መያዝ ግን ጥበብ ይጠይቃል። በሌላ ሀገር ያሉ ሰዎችም በዚሁ ጥያቄ ደክመዋል፤ ከእነርሱ ሦስት ምሳሌ እናመጣለን።

በቤተ ልሔም ያለውን የልደት ቤተ ክርስቲያን የተሳለመ ሰው መግቢያውን ያስታውሳል። በሩ 1 ሜትር ከ20 ያህል ብቻ ከፍታ ስላለው ጐንበስ ሳይሉ አይገቡበትም፤ የትሕትና በርም ይባላል። ነገር ግን ከጥንት እንዲህ አልነበረም። ግድግዳውን ያየ ሰው ከዚያ በፊት የነበሩትን ትላልቅ በሮች ምልክት እስከ ዛሬ ያገኘዋል። በሩ የጠበበው ሰዎች ፈረስና ጋሪ ይዘው እንዳይገቡ ለመከልከል በኋላ ዘመን ነው። ከዚህ የምንማረው፣ ጥንታዊ ሕንፃ የማይለወጥ ሆኖ የኖረ እንዳልሆነ ነው። አባቶች በዘመናቸው ለደረሰባቸው ችግር በሩን አጠበቡት፤ እኛም ለደረሰብን ችግር አሮጌውን ሳንነካ ሌላ መግቢያ ብናዘጋጅ እንግዳ ነገር አላደረግንም።

በአቴና ያለው አክሮፖሊስ በኮረብታ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 የአካል ጉዳተኞች ኦሎምፒክ በዚያች ከተማ በተደረገ ጊዜ አሳንሰር ተተከለለት፤ ከዓመታት በኋላ እየተበላሸ ስላስቸገረ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 3 ቀን 2020 በአዲስ ተተካ። ከዚህ ጋር በኮረብታው ላይ የኮንክሪት መንገድ በተነጠፈ ጊዜ ብዙ የታሪክ ሊቃውንት የቦታውን መልክ አበላሸ ብለው ነቀፉት፤ ያሠሩት ደግሞ ከዓለቱ የሚለይ ምንጣፍ በመካከል ስላደረጉበት ሊነሣ የሚችል ነው ብለው መለሱ። ክርክሩ የሚያስተምረን ሁለት ነገር ነው፤ የተሠራው ሁሉ ዘወትር ጠባቂ እንደሚሻና፣ ከሁሉ በፊት «ይህ ነገር ነገ ሊነሣ ይችላልን?» ተብሎ መጠየቅ እንዳለበት።

ለንደን ከተማ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሥራው የተፈጸመው እ.ኤ.አ. በ1710 ነው። ከ300 ዓመት በላይ በደረጃዎቹ ምክንያት እንደ ሌላው ሰው ሊገባ ያልቻለ ብዙ ሕዝብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ግን በሰሜን በኩል ባለው በር ዘንበል ያለ ቋሚ መወጣጫ ተሠርቶ፣ የሚራመደውም በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውም በአንድ በር የሚገቡበት ሆነ። በጓሮ በር ብቻ የሚገባ ሰው ገባ ቢባልም እንግዳነቱ አይቀርለትምና፣ ይህ «በአንድ በር» የሚለው ነገር በእኛ ዘንድ እጅግ የከበረ መስሎ ታየን።

5ኛ፤ ምን ይደረግ?

አሁን ወደ ሥራው እንመለስ። ባለሙያዎች ራምፕ የሚሉት ዘንበል ያለ መወጣጫ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው እንዲመች ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የበር ደፍ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያለው የሳንቃ መወጣጫ ይበቃዋል። ይህን ማንኛውም ጠራቢ በአንድ ቀን ይሠራዋል፤ በዓለቱ ላይ ምስማር ሳይመታ ይቀመጣል፤ ከቅዳሴ በኋላም ይነሣል። ነገር ግን 12 ሜትር ለሚጠልቀው ለቤተ ጊዮርጊስ በዚሁ ስሌት የማረፊያው ስፍራ ሳይቈጠር 144 ሜትር ያስፈልጋል። ይህን በዚያ ጠባብ መተላለፊያ ማድረግ አይቻልም። ስለዚህ በአንድ መድኃኒት ሁሉን እንፈውሳለን አንልም፤ ለእያንዳንዱ ደብር መንገዱ፣ ደረጃውና ደፉ ተለክቶ የሚስማማው ይደረግለት እንላለን።

የመጀመሪያው ሥራ አፋፉን ማስተካከል ነው። ወርዶ ሊሳለም የማይችል ሰው ከላይ ሆኖ ቅዳሴውን እንዲከታተል የማይናድ ደልዳላ መንገድ፣ ከገደሉ የሚጠብቅ መከልከያና መቀመጫ ያስፈልገዋል። ከታች የሚቀደሰው በድምፅ ማጉያ ከላይ ይሰማ፤ ካህንም መስቀል ይዞ ወደ እርሱ ይውጣ። ማሜ ጋራ ለበዓል እንዳገለገለ አፋፉ ሁሉ ለዘወትር ያገልግል። ይህ ግን የመጀመሪያው ነው እንጂ የመጨረሻው አይሁን፤ አለዚያ እኛም በሽማግሌው ላይ ያደረግነውን እንደግመዋለንና።

ሁለተኛው ሸክም ነው። ሕዝባችን ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ተራራ ለተራራ ወደ ጠበል ማድረስን ከጥንት ያውቃል። ይህ ልማድ በሥርዓት ቢደራጅ፣ ብርቱ የሆኑ ወጣቶች ተመርጠው አያያዙን ቢማሩ፣ ጠንካራ የመሸከሚያ ወንበርም በየደብሩ ቢቀመጥ፣ ድንጋይ ሳይነካ ብዙ ሰው ይወርዳል። አንድ ነገር ግን እናሳስባለን፤ ሰው እንደ ዕቃ አይነሣ። አስቀድሞ ይጠየቅ፤ እንዴት እንደሚያዝ ራሱ ይንገር፤ እምቢ ቢልም ይከበርለት።

ሦስተኛው ስለ ዐይነ ሥውራንና መስማት ስለ ተሳናቸው ነው። ከቤተ ገብርኤል ወሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው መተላለፊያ ለሁሉም ጨለማ ስለ ሆነ፣ በዚያ ዐይነ ሥውሩና ባለ ዐይኑ እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ግድግዳ እየዳሰሱ ይሄዳሉ። ይህን ያየ ሰው ዐይነ ሥውር ሰው ቅርስን በእጁ «ማየት» እንደሚችል ይረዳል። ነገር ግን ጥንታዊውን ሥዕልና ሐረግ ሁሉ ቢዳስሰው ይጎዳልና፣ ጠራቢዎች የቤተ ጊዮርጊስን ምሳሌ ከእንጨት ወይም ከድንጋይ ቀርፀው በመግቢያው ቢያኖሩለት መስቀል የሆነውን ቅርጽ በጣቶቹ ያነብበዋል። ዐይናቸው ሳያይ ቅኔን፣ ዜማንና ትርጓሜን ያስተማሩ መምህራን በቤተ ክርስቲያናችን ጥቂቶች ስላልነበሩ ይህ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። መስማት ለተሳናቸውም የምልክት ቋንቋ የሚያውቅ አስጐብኚ ወይም ዲያቆን ቢዘጋጅ፣ የየደብሩ ታሪክም ተጽፎ ቢሰጣቸው ይጠቅማል።

አራተኛው ከብዙ ካህናት የሚነሣውን ጥያቄ ይመለከታል። ቤተ ክርስቲያን በጫማ አይገባምና ምርኩዙ፣ ሰው ሠራሹ እግርና ተሽከርካሪው ወንበር እንዴት ይሁኑ? ሙሴ ጫማውን እንዲያወልቅ ታዘዘ እንጂ እግሩን እንዲያወልቅ አልታዘዘም። ምርኩዝና ሰው ሠራሽ እግር ለባለቤቱ እግር ናቸው። ለደከመ ጕልበት በመቋሚያ መደገፍን የፈቀደች ቤተ ክርስቲያን ምርኩዝን ከደጅ ልታስቀር አትችልም። የምርኩዙ ጫፍና የወንበሩ ጐማ በንጹሕ ጨርቅ ይጠረግ፤ የሚቻል ከሆነ በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ወንበር ይቀመጥ።

ይህን ሁሉ ካህናት ብቻቸውን፣ ባለሙያዎችም ብቻቸውን አይወስኑት። የደብሩ አስተዳደር፣ የቅርስ ጠባቂዎችና መሐንዲሶች በአንድነት ይምከሩ፤ አካል ጉዳተኞችም ራሳቸው በጉባኤው ይቀመጡ። የትኛው ደረጃ እንደሚያስቸግር ከሁሉ ይልቅ የሚያውቀው የወደቀበት ሰው ነው።

6ኛ፤ ስለ ሕግና ስለ ፍቅር

የመንግሥትም ሕግ በዚህ ነገር ዝም አላለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ1999 ዓ.ም. ያጸደቀውና ሀገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ30ኛው አንቀጽ፣ ታላላቅ የባህል ሐውልቶችና ስፍራዎች በተቻለ መጠን ለእነርሱም ክፍት እንዲሆኑ ያዝዛል። በሀገራችንም የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 በ36ኛው አንቀጽ ለሕዝብ የሚያገለግል ሕንፃ ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያ እንዲኖረው ደንግጓል። ስለዚህ በየአጥቢያው አዲስ የሚሠራ ቤተ ክርስቲያን፣ ዓለት የመጠበቅ ምክንያት የሌለበት ሆኖ ሳለ፣ ሃያ ደረጃ ተደርጎበት ያለ መወጣጫ ቢቀር ምን መልስ እንሰጣለን? የጥንቱ አስቸጋሪ ነው ብለን ብናመካኝ፣ የዘንድሮው የማን ጥፋት ነው?

ነገር ግን ሕግ የሚያስገድደን እስከ በሩ ድረስ ነው፤ ከበሩ ወደ ውስጥ የሚያስገባው ፍቅር ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም፣ ወንድሙን በብርድ ትቶ የክርስቶስን ቤት በሐርና በወርቅ የሚያስጌጠውን ሰው ገሥጾታል። እኛም የከበረውን ዓለት ጠብቀን ሕያው የሆነውን የክርስቶስን አካል በአፋፍ ብንተወው ከዚያ ተግሣጽ አናመልጥም። ደግሞም ይህ ነገር የጥቂቶች ብቻ አይደለም። እርጉዝ ሴት፣ ሕፃን ያዘለች እናት፣ ጕልበቱ የደከመ አረጋዊ ሁሉ ያንን ደረጃ ይፈሩታል። ዛሬ በእግራችን የምንወርድ እኛም፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ቢሰጠን፣ ነገ ከአፋፉ ተቀምጠን የሚጠይቀን ሰው የምንጠብቅ ነን።

በመጨረሻም ስለ አንድ ቀን እንናገርና ጽሑፋችንን እንፈጽም። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ የዓለም የአካል ጉዳተኞች ቀን ተብሎ የሚታሰበው ታኅሣሥ 3 ቀን፣ በእኛ አቈጣጠር በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 24 ቀን ይውላል። ኅዳር 24 የካህናተ ሰማይ በዓል ነው፤ አባታችን አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነርሱ ጋር ሥላሴን ያጠኑበት ዕለት ሆኖ ይከበራል። እኒህ አባት ከመቆም ብዛት እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት በጸሎት እንደ ቆሙ በገድላቸው ተጽፏል፤ ጥር 24 ቀንም ስባረ ዐጽማቸውን እናከብራለን። በሥዕላቸው የተቆረጠውን እግር በየቤተ ክርስቲያኑ እናያለን፤ እንሳለመዋለንም። እግር ያጣውን አባት የሰማይ ካህናት በመንበሩ ፊት ተቀበሉት። በአምሳሉ ምርኩዝ ይዞ የሚመጣውን ወንድም እኛ የምድር ካህናት በደጅ ልናስቀረው አይገባም።

ስለዚህ በየደብሩ የምታገለግሉ አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ለመጪው ኅዳር 24 አንድ ነገር እንድታደርጉ እንለምናችኋለን። ከቅዳሴ በኋላ ወደ በራችሁ ውጡ፤ ደፉን ለኩ፤ ደረጃውን ቍጠሩ፤ ከደጅ የተቀመጠውንም ሰው መግባት ይወድ እንደ ሆነ ጠይቁት። እኛ ያን ሽማግሌ አልጠየቅነውም። በዓሉን አክብሮ ወደ ጎጃም ተመልሷል፤ ዳግመኛም አላገኘነውም። እግዚአብሔር በዕድሜ ጠብቆ ቢያመጣው ግን አራት ሰውና አንድ ወንበር በአፋፉ ተዘጋጅተው ይጠብቁት ዘንድ ምኞታችን ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።